የጀርባ ሽፋኑ ጉንፋን

ማክሰኞ ጠዋት ስልኩ ሲጮኽ ጥቃቅን የሚሏት ሴት ሁለት እጆች ሥራ ላይ ነበሩ። በቀኟ ጫፉ እንደ መርፌ የቀጠነ ወረንጦ ይዛለች፤ ወረንጦው ደግሞ ከምስር ክክ የማትበልጥ ክብ የመዳብ መረብ ነክሷል። መረቧ ላይ አንዲት ጠብታ ቀለም አርፋለች። ጠብታዋ ከመድረቋ በፊት ትርፏ በወረቀት ጠርዝ መመጠጥ አለበት፤ እጅ ከዘገየ ሁሉም ይጠቁራል፣ ከፈጠነ ሁሉም ታጥቦ ይሄዳል። እንዲህ ባለው ሰዓት ስልክ አታነሣም። ግን ግድግዳው ላይ ባለው ስልክ የበራው የእናቷ ቤት ቁጥር ነበር፣ ከዚያ ቤት ደግሞ በሥራ ሰዓት ተደውሎላት አያውቅም። እጀታውን በጆሮዋና በትከሻዋ መካከል ሸጉጣ አነሣችው።

«ጥቃቅን» አለ ወንድም ጋሼ።

ስሙን ያወጣላት እሱ ነው። ሥራዋ ዓይን የማያየውን ማየት ነው፤ ኤሌክትሮን ማይክሮስኮፕ ከሚባል፣ ከሰው ቁመት ከሚበልጥ ማሽን ሥር ተቀምጣ ቫይረስ ፎቶ ታነሣለች። ዩኒቨርሲቲ ጨርሳ ይህን ሥራ ስትይዝ ታላቅ ወንድሟ «ይህን ያህል ዓመት ያስተማርንሽ ለጥቃቅን ነው?» ብሎ ሳቀባት፤ ከዚያ ወዲያ የእናቷ ቤትም የመሥሪያ ቤቱ ዘበኛም በሌላ ስም ጠርተዋት አያውቁም።

ትኩሳት ብጤ እንዳለበት ነገራት። አጥንቱን ሁሉ ይቆረጥመዋል፣ ሌሊቱን ሲያንቀጠቅጠው አድሯል፤ እማዬ ሁለት ብርድ ልብስ ደርባበት አልሞቀውም።

«ጉንፋን ነው» አለችው፣ ዓይኗን ከጠብታዋ ሳትነቅል።

«የትኛው?»

ይህ «የትኛው» የሚባል ነገር ታሪክ አለው። ወንድም ጋሼ የማተሚያ ቤት አራሚ ነው። ሠላሳ አንድ ዓመት ሙሉ የሌላ ሰው ጽሑፍ ላይ ቀይ እስክሪብቶ ይዞ ተቀምጧል። ሚስት አላገባም፤ እማዬ «ከፊደል ጋር ተጋብቶ ቀረ» እያለች ታማዋለች። ከስድስት ዓመት በፊት የጥቃቅን ላቦራቶሪ ስለ ኢንፍሉዌንዛ ለሕዝብ የሚታደል ሃያ አራት ገጽ መጽሔት ሲያሳትም ጽሑፉን የጻፈችው እሷ ነበረች፣ ሳይታተም ያረመላት እሱ። «ጉንፋን» የሚለውን ቃል ዘጠኝ ቦታ በቀይ ከብቦ፣ ዘጠኙም ጋ በኅዳጉ ላይ «የትኛው?» ብሎ ጽፎ መለሰላት። አንድ ሙሉ እሑድ በዚህ ተጨቃጨቁ። ሕዝቡ የሚያውቀው ቃል ይሄ ነው፣ ኢንፍሉዌንዛ ብትለው ምላሱ ይታሰራል አለችው። እሱ ደግሞ አፍንጫን ለሦስት ቀን አስለቅሶ የሚሄደውም ጉንፋን፣ ሰውን ከእግሩ ቆርጦ የሚጥለውም ጉንፋን ከተባለ አንባቢሽ የትኛውን ይፍራ አላት። አሸነፋት። ዘጠኙም ተቀየሩ።

መጽሔቱ ሦስት ሺህ ቅጂ ታትሞ ሲመጣ ወንድም ጋሼ የመጀመሪያውን ቅጂ አገላበጠና ፊቱ ተለወጠ። የጀርባ ሽፋኑን ሥዕል የሠራው ሰው ሥራውን ያስረከበው በመጨረሻው ሰዓት ስለነበር ሁለቱም አላነበቡትም። እዚያ ላይ፣ ከሩቅ በሚነበብ ትልልቅ ፊደል፣ «ጉንፋን ከያዘዎ ቤትዎ ይረፉ፣ ፈሳሽ ይጠጡ፣ ይሻልዎታል» ይላል። አሥረኛው ጉንፋን። ያን ቀን ምሳውን አልበላም፤ ለአንድ ወርም ስለ መጽሔቱ የሚያነሣበትን ሰው አኮረፈ። ከዚያ በኋላ ግን ነገሩ የቤት ቀልድ ሆነ። ቀላሉ ጉንፋን «የጀርባ ሽፋኑ» ተባለ፣ ከባዱ «የውስጡ»። ፊደል ያልቆጠረችው እማዬ እንኳ ጎረቤት ሲያስል ሰምታ «የሽፋኑ ነው የውስጡ?» ብላ ትጠይቃለች።

እና ማክሰኞ ጠዋት፣ ወረንጦ ይዛ፣ ጠብታዋ ከጠርዟ መድረቅ ስትጀምር እያየች፣ ጥቃቅን «የጀርባ ሽፋኑ ነው፣ ወንድም ጋሼ» አለችው። «ቤትህ ዕረፍ፣ ፈሳሽ ጠጣ።»

«ይሻልዎታል» ብሎ ጨረሰላት። ሳቀ፤ ሳቁ ወደ ሳል ዞረና ስልኩ ተዘጋ።

ጠብታዋን መጠጠቻት። በልኳ ነበረች። መረቧን በዘንጉ ጫፍ አድርጋ ወደ ማሽኑ አስገባች፣ ፓምፑ አየሩን እስኪመጥ ጠበቀች፣ መብራቱን አጥፍታ ተቀመጠች። የዚያን ሳምንት ሥራዋ ጎረቤት ክፍል ያሉት ባልደረቦቿ ከወቅቱ ሕመምተኞች ወስደው ያራቡትን ኢንፍሉዌንዛ ፎቶ ማንሣት ነበር። በማሽኑ አረንጓዴ መስኮት ላይ ወጡላት፤ ዙሪያቸው ጠቁሮ እነሱ ገርጥተው፣ ግማሾቹ ክብ ግማሾቹ እንደ ባቄላ የተለመጡ፣ ሁሉም ጠርዛቸው በአጫጭር እሾህ የተከፈፈ። ቀለሙ ቫይረሱን አያቀልመውም፤ ዙሪያውን ነው የሚያጠቁረው፣ ቫይረሱ የሚታየው ባልተነካው በኩል ነው። አሥራ አራት ፎቶ አነሣች። ለሥራዋ ጥሩ ቀን ነበር።

ረቡዕ ስትደውል እማዬ ተኝቷል፣ አልቀሰቅሰውም አለች። ሐሙስ ኤሌክትሮን የሚያመነጨው የማሽኑ ክር ተቃጥሎ ሲቀይሩ ስለዋሉ አልደወለች። ዓርብ ማለዳ እማዬ ራሷ ደወለች። ከንፈሩ ጠቆረብኝ አለች።

በሆስፒታሉ ድንገተኛ ክፍል ወንድም ጋሼ የኦክስጅን ጭምብል አፉና አፍንጫው ላይ ታስሮለት፣ ትራስ ተደግፎ ተቀምጦ ነበር። ደረቱ እንደ ሮጠ ሰው ይነሣል ይወድቃል። አንዲት ወጣት ሐኪም መቼ እንደ ጀመረው ጠየቀች። እማዬ ሰኞ ማታ ነው አለቻት። ሐኪሟ እስክሪብቶዋን አቆመች፤ ምነው እስከ ዛሬ ቆያችሁ አለች፣ ለዚህ የሚሰጠው መድኃኒት ይበልጥ የሚሠራው በመጀመሪያዎቹ ሁለት ቀናት ነው፣ አሁንም እንሰጠዋለን ግን ሳንባው ተይዟል።

«ምን ላድርግ ልጄ፣ እሷን ጠይቀን እኮ ነው» አለች እማዬ ወደ ጥቃቅን እያመለከተች፤ ድምፅዋ ውስጥ ኩራት እንጂ ወቀሳ አልነበረም። «ይሄንኑ በሽታ በትልቅ መሣሪያ የምታየው እሷ ናት። ጉንፋን ነው አለችን።»

ሐኪሟ ጥቃቅንን አየቻት። ከዚያ ወደ ወረቀቷ ተመለሰች። ጥቃቅን መሬት ተከፍቶ ቢውጣት ምንኛ በወደደች፤ ወለሉ ግን ሲሚንቶ ነበር።

ከሰዓት በኋላ የምርመራው ውጤት መጣ። ኢንፍሉዌንዛ ይላል። እማዬ ወረቀቱን እንደ ሰው ፊት ትኩር ብላ አየችው፣ ከዚያ ልጇን ወደ ኮሪደሩ ጎትታ አወጣቻትና ወረቀት ምን ያውቃል አለቻት፣ አንቺ በዓይንሽ እዪው። ጥቃቅን ማየት ማከም እንዳልሆነ፣ ብታየውም ባታየውም የሚሰጠው መድኃኒት ያው እንደሆነ አስረዳቻት። እማዬ እስከ መጨረሻው አዳመጠቻት።

«ታዲያ ያ ሁሉ መሣሪያ ምን ያደርጋል?» አለች።

ጥቃቅን ሃያ ሁለት ዓመት ሠርታበታለች፣ እንዲህ አድርጎ የጠየቃት ግን አልነበረም።

ሐኪሟን ለመነች፤ ከጉሮሮው በጥጥ ተወስዶ ከምርመራ የተረፈውን ጥቂት ፈሳሽ በትንሽ ብልቃጥ ተሰጣት። ቅዳሜ ጠዋት የክፍሉን ኃላፊ አስፈቀደች። ኃላፊውን ሠራተኞቹ በሌለበት «ቫኩም» ይሉታል፤ ፓምፑ አየሩን እንደሚመጥ እሱም ከገባበት ክፍል ሳቅን መጥጦ ያወጣል ሲሉ። እሱም እንደ ወትሮው ደረቅ አድርጎ ነገራት። ያልተራባ ናሙና ነው፣ ቁጥሩ ትንሽ ነው፣ አታገኚውም። ብታገኚውስ? ጥያቄው የእማዬን ይመስላል። ቢሆንም ቁልፉን ሰጣት።

መረቧ አራት መቶ ያህል መስኮት የሚባሉ ቀዳዳዎች አሏት፣ እያንዳንዷ መስኮት በማሽኑ ሲያዩዋት እንደ ሜዳ ትሰፋለች። ጥቃቅን ከጥግ ጀመረች። ከግራ ወደ ቀኝ፣ ወደ ታች ወረድ፣ እንደገና ከግራ ወደ ቀኝ። የተሰባበረ የሕዋስ ግድግዳ፣ ንፍጥ፣ ጭቃ የመሰለ ነገር፣ ቅርጽ የሌለው ፍርፋሪ። እስከ ስድስት ሰዓት ስልሳ መስኮት አየች። ዓይኗ ሲቃጠል ተነሥታ ወደ ሆስፒታሉ ሄደች።

«አየሽው?» አለች እማዬ ገና በሩ ላይ።

«አላየሁትም።»

እማዬ ሁለት እጇን ወደ ላይ ዘረጋች። ለነርሷ ነገረቻት፣ በጎን አልጋ ላለው ሽማግሌ ነገረችው፣ በስልክ ለጎረቤት ነገረች። በትልቁ መሣሪያ ታይቶ የለም ተባለ፣ ጠርቶለታል። ጥቃቅን እማዬ እንዲህ አይደለም ልትላት አፏን ከፈተች። የእናቷን ፊት ዓርብ ጠዋት አይታዋለች፤ አሁን ያለው ፊት ሌላ ነው። አፏን መልሳ ዘጋች። ከማክሰኞው የራሷ ቃል ቀጥሎ፣ በአንድ ሳምንት ውስጥ ያላረመችው ይህ ሁለተኛው ነበር።

ወንድም ጋሼ ግን ሰምቷል። በጣቱ ጠራትና ወረቀት እንድትሰጠው አመለከተ፤ በጭምብሉ ውስጥ መናገር ያደክመዋል። እያንዳንዱን ፊደል በቦታው እያስቀመጠ፣ «ስንት ገጽ ቀረሽ?» ብሎ ጻፈ።

መስኮቶቹ አራት መቶ እንደሆኑ፣ ስልሳ እንዳየች በጆሮው ነገረችው።

«ታዲያ አላየሁትም አይባልም። ጨርሺ።»

አራት ነጥቡን ሳይቀር አስቀመጠ። ከዚያ ትንሽ አሰበና ከሥሩ «የሽፋኑ ነው ያልሽኝ» ብሎ ጨመረ። ዓይኑ ሥር ያለው ቆዳ ሲሸበሸብ አየች፤ ጭምብሉ ውስጥ እየሳቀባት ነበር። ይህን ከምታይ ቢሰድባት በተሻላት።

እሑድ ማሽኑን የከፈተችው በማለዳ ነው። ሰማንያ፣ መቶ፣ መቶ ሠላሳ። ጨርሺ ስላላት ትጨርሳለች፤ ሌላ የምታደርገው ነገር በዓለም ላይ አልነበራትም። መድኃኒት አትሰጥ፣ ኦክስጅን አትጨምር፣ ማክሰኞን አትመልስ። የምትችለው ከግራ ወደ ቀኝ ማንበብ ብቻ ነው። ወንድሟም ሕይወቱን ሙሉ የሠራው ይህንኑ መሆኑን አሰበች። ልዩነቱ እሱ ስህተቱን ሲያገኘው ይሰርዘውና በኅዳጉ ላይ ትክክሉን ይጽፋል። እሷ ፊት ያለው ገጽ ኅዳግ የለውም።

ሁለት መቶ አሥራ አንደኛው መስኮት ላይ፣ ከአንድ የሕዋስ ፍርፋሪ ጎን፣ አገኘችው። አንድ ነበር። ክብ፣ ገርጣ ያለ፣ እሾሁ በዙሪያው ተቆጥሮ የሚጨረስ የሚመስል።

«አገኘሁህ» አለች ድምፅ አውጥታ። ወንበሯን ወደ ኋላ ገፍታ ብድግ አለች፤ ልቧ እንደ ልጅ ልብ ዘለለ። ቆማ ቆየች። ፓምፑ ያንጎራጉራል። ክፍሉ ውስጥ ሌላ ሰው የለም፣ የምትሮጥበት ቦታም የለም። መስኮቱ ላይ ያለው ማሽኑ ውስጥ ከመግባቱ በፊት የሞተ ነው፤ አየር በሌለበት፣ በኤሌክትሮን እየተደበደበ፣ አንዳች ጉዳት የማያደርስ ሥዕል ነው። ዘመዶቹ ከዚህ ሃያ ደቂቃ በሚርቅ ደረት ውስጥ ሥራቸውን እየሠሩ ናቸው። ተቀመጠች።

በሩ ተንኳኳና ቫኩም ገባ። የዕረፍት ቀኑ ነበር፤ ማሽኑን የሚያቀዘቅዘውን ፈሳሽ ናይትሮጅን ልሞላ ነው የመጣሁት አለ፣ ማንም እንዲሞላ ባይጠይቀውም። ከኋላዋ ቆሞ አየ።

«ጥሩ ሥዕል ነው» አለ ከልማዱ። ወዲያው ጉሮሮውን ጠረገ። «ይቅርታ አድርጊልኝ።»

በመሥሪያ ቤቱ ደንብ ፎቶ ላይ ቁጥር እንጂ ስም አይጻፍም። ቁጥሩን መታችና አተመችው። ቫኩም ወረቀቱ ከማተሚያው ሲወጣ ተቀብሎ፣ ጣቱ ምስሉን እንዳይነካ በጠርዙ ይዞ፣ በፖስታ ከትቶ ሰጣት።

ሆስፒታል ስትደርስ አልጋው ባዶ ነበር። ወደ ጽኑ ሕሙማን ክፍል ወስደውታል፤ ጉሮሮው ውስጥ ቱቦ ገብቶለት፣ በመድኃኒት ተኝቶ፣ የሚተነፍስለት ማሽን ነው። እማዬ ከክፍሉ ደጃፍ ባለ አግዳሚ ወንበር ላይ የወንድም ጋሼን መነጽር ጭኗ ላይ አድርጋ ተቀምጣለች። አንዱን መስተዋት በቀሚሷ ጫፍ ትወለውላለች፣ ወደ ሌላው ትዞራለች፣ መልሳ ወደ መጀመሪያው።

«አየሽው?»

«አየሁት።»

እማዬ መወልወሏን አቆመች። «ስንት ነው?»

«አንድ።»

«አንድ ብቻ?» የእናቷ ትከሻ ሲላላ ጥቃቅን አየች። «አንድ ከሆነማ ምን ያደርገዋል? አንዱን ማሸነፍ ያቅተዋል እንዴ፣ ይሄን የሚያህል ሰውዬ?»

አንዱ መረቧ ላይ ያረፈው እንጂ ደረቱ ውስጥ ያለው አይደለም፤ ደረቱ ውስጥ ያለውን የሚቆጥር የለም። ይህን ለመናገር ጥቃቅን ትንፋሽ ሰበሰበች። ከዚያ ከእናቷ ጎን ተቀመጠችና መነጽሩን ተቀበለቻት።

ነርሷ ለሁለት ደቂቃ አስገባቻት። ፎቶውን ከፖስታው አውጥታ ዓይኑ ፊት ያዘችው፤ ዓይኑ ተከድኗል። ማሽኑ ደረቱን በልክ እያነሣ በልክ ይጥለዋል፤ ወንድም ጋሼ እንዲህ የተስተካከለ ትንፋሽ ኖሮት አያውቅም። ጎንበስ ብላ ወደ ጆሮው ተጠጋች።

«የውስጡ ነበር» አለችው።

ፎቶውን ወደ ፖስታው መልሳ ወጣች።

ማክሰኞ ከቀትር በፊት ሞተ። ስልክ ከደወለላት ልክ ሳምንቱ ነበር።

ከቀብር በኋላ ቤቱ ሰው ሞላው። ከጎረቤት የተዋሰ ወንበር ግድግዳውን ተከትሎ ተደርድሯል፤ የማተሚያ ቤቱ ሰዎች በአንድ በኩል፣ ጎረቤቶች በሌላ በኩል ተቀምጠዋል። ከማተሚያ ቤቱ ሰዎች መካከል አንድ ጡረተኛ ፊደል ለቃሚ ነበሩ፤ በንግግራቸው መካከል ቶሎ ቶሎ ስለሚያርፉ ወንድም ጋሼ «ነጠላ ሰረዝ» የሚላቸው። ሳያርማቸው የቀረ ሰው የለምና ሁሉም ስለ እርማቱ ያወሩ ነበር፤ የሠርግ መጥሪያቸውን በቀይ አዥጎርጉሮ እንደ መለሰላቸው፣ የልጃቸውን የትምህርት ቤት ደብዳቤ ሳይቀር። አንዳንዱ ይስቃል፣ ሳቁን መሐል ላይ ይውጠዋል።

ነጠላ ሰረዝ ወደ እማዬ ዞሩ። «ለመሆኑ፣ ምን አገኘው፣ እንዲህ ባንዴ?» አሉ።

«ጉንፋን» አለች እማዬ።

ወሬው ቆመ። ከጎረቤቶቹ አንዷ ሌላዋን አየቻት። ነጠላ ሰረዝ እጃቸውን ጉልበታቸው ላይ አሳርፈው ጥቂት አሰቡ።

«ጉንፋን፣ ሰው፣ ይገድላል እንዴ?»

«ንገሪያቸው እስቲ» አለች እማዬ። «ያየሽው አንቺ ነሽ።»

ጥቃቅን ቀና አለች። ሁሉም እሷን ያያሉ። «ኢንፍሉዌንዛ ነው» አለች።

ክፍሉ ተነፈሰ። እሱማ ከባድ ነው አለ አንዱ፤ እሱማ ሌላ ነው አለች ሌላዋ። ወንበሮች ተንቀሳቀሱ። ባለፈው ወር ሁላቸውንም ይዞ የተዋቸው ነገር ገዳዩ አለመሆኑን ሰምተው ልባቸው ተመልሷል። እማዬ ግን ቃሉን በከንፈሯ ለመያዝ ሞከረች፣ መሐሉ ላይ አመለጣት። የልጇን እጅ ይዛ ጭኗ ላይ አኖረችው።

«ይሄን ስም ያን ዕለት ነግረሽኝ ቢሆን» አለች ቀስ ብላ፣ «ጠዋቱኑ ይዤው እሄድ ነበር።»

ቁጣ አልነበረበትም። የጠፋ ቁልፍ የት ተቀምጦ እንደነበር እንደሚናገር ሰው ነበር ያለችው። ጥቃቅን እጇን አላስለቀቀችም። ወደ በሩ ስታይ፣ በሩ አጠገብ የተቀመጠ አንድ የማተሚያ ቤት ሠራተኛ አስነጠሰው። ቤቱ በአንድ አፍ «ይማርህ» አለው።

«ጉንፋን ነው» አለ መሐረቡን ከኪሱ እያወጣ።

የትኛው ብሎ የሚጠይቀው ሰው በቤቱ አልነበረም።